«ከወደቀ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ»



ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢቆጠሩም የሰፈሬ ሰው «ሲስተር» ማለቱን አልተወም፤ ጥያቄውም አልቀነሰልኝም። የደም ግፊት መድኃኒት መቼ እንደሚወሰድ፣ የሕፃን ትኩሳት ስንት ሲደርስ እንደሚያሰጋ፣ እንዲህ ያለውን በራፍ ላይ ቆሜም እመልሳለሁ። አንድ ዓይነት ጥያቄ ግን አለ፤ ሲመጣ የሕክምና ጥያቄ አይመስልም። ስሞታ ሆኖ ነው የሚመጣው። «ልጄ ባለገ»፣ «ጫት ቤት ውሎ አረቄ ቤት ያመሻል»፣ «የቤቱን ዕቃ ሸጦ ሊጨርሰው ነው»። ስሞታውን ሳታቋርጡ ካዳመጣችሁ መሃሉ ላይ እናትየው ልብ ሳትለው ጣል የምታደርጋት አንዲት ነገር አለች፦ «ከወደቀ ወዲህ እኮ ሌላ ሰው ሆነ።»

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች ነገር ነው።

ራሱን የተመታ ሰው ቁስሉ ሲሽር፣ ስፌቱ ሲፈታ፣ በእግሩ ቆሞ ቤቱ ሲገባ «ተመስገን፣ ተረፈ» እንላለን። ተገቢ ነው፤ መትረፍ ትንሽ ነገር አይደለም። አንጎል ግን እንደ ቆዳ አይደለም። የቆዳ ጠባሳ ለዓይን ይታያል፤ በአንጎል ላይ የቀረው ጠባሳ የሚታየው በጠባይ ነው። ከሚታይባቸው መንገዶች አንዱም ሱስ ነው። ቀድሞ የማይጠጣው ጠጪ ይሆናል፤ በልክ ይጠጣ የነበረው ልኩን ያጣል።

ለምን? ከአንጎሉ አቀማመጥ ልጀምር። አንጎላችን 1 ኪሎ ከ300 ወይም ከ400 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ እንደ ረጋ እርጎ ለስላሳ አካል ነው። ሰው ከሞተር ሳይክል ሲወድቅ ወይም በዱላ ሲፈነከት አንጎሉ በራስ ቅሉ ውስጥ ይላጋል። የራስ ቅልን ከውጭ ሲዳስሱት ልሙጥ ነው፤ ከውስጥ ግን፣ ከዓይናችን በላይ ያለው ወለሉ ሸካራና ጠርዝ ያለው አጥንት ነው። ስለዚህ ምቱ ከኋላም ይምጣ ከጎን፣ ብዙ ጊዜ ተፈትጎ የሚጎዳው ከግንባራችን በስተጀርባ፣ ከዓይናችን በላይ ያለው የአንጎል ክፍል ነው።

ይህን ክፍል ለተማሪ ነርሶች ሳስረዳ «ፍሬኑ ነው» እል ነበር። «አሁን ብጠጣ ነገ ሥራ አለብኝ»፣ «ይህን ብር ካጠፋሁት የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ምን ይሆናል» ብሎ የሚያመዛዝነው እሱ ነው። ከሌላው የአንጎል ክፍል ዘግይቶ የሚበስልም ነው፤ እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየተገነባ ይቆያል። የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ ጉልበቱ ሙሉ፣ ፍሬኑ ግን ገና የሆነው ለዚህ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ራሳቸውን ተጎድተው የሚመጡት ደግሞ አብዛኞቹ በመኪና አደጋ ወይም በጠብ የተመቱ ወጣት ወንዶች ናቸው። ሳይበስል ይመታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር እኔ «የደስታ መንገድ» የምለው ነው። ከአንጎል ሥር፣ ከመሃሉ ግንድ የሚነሱ ሴሎች ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር በረጃጅም ክሮች ወደ መሃልና ወደ ግንባር ይልካሉ። ርቦን ስንበላ፣ ሰው ሲያመሰግነን፣ የልጅ ልጃችን ሮጦ ሲያቅፈን ይህ መንገድ ይነቃና «መልካም ነው፣ ድገመው» ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ አይጧ ራሷ ማንሻ እየተጫነች ጥቂት ኤሌክትሪክ እንድታገኝ አደረጉ። ሽቦው ቦታውን ሲያገኝ አይጧ ማንሻውን መጫን አላቆም አለች። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦላቸው ማንሻውን የመረጡ አይጦች ታይተዋል። ሱሰኛን ከመውቀሳችን በፊት ይህችን አይጥ ብናስባት ደግ ነው፤ ምግባር ጎድሏት አልነበረም።

ጫት፣ አልኮልና ሲጋራ ይህንኑ መንገድ ተፈጥሮ ካሰበው በላይ ይጎትቱታል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ዶፓሚንን በአንድ ጊዜ ያፈሰዋል። ምርቃናው ከዚያ ይመጣል፤ ሲወርድም ዱካኩ ይከተላል።

አሁን ሁለቱን አገናኟቸው። ራስ ሲመታ እነዚያ ረጃጅም ክሮች ይለጠጣሉ፤ አንዳንዶቹም ይበጠሳሉ። በተጎዱ ሰዎች ላይ በተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶች የዶፓሚኑ መንገድ ተዳክሞ ታይቷል። እንዲህ የሆነበት ሰው ድሮ ይወደው የነበረው ኳስ፣ ወዳጅ፣ የእናቱ ወጥ ጣዕም ያጣበታል። ተጋድሞ ይውላል። ቤተሰቡ «ሰነፈ» ይላል። ዓለም የደበዘዘበት ይህ ሰው ጠንከር ያለ ነገር ያጋጠመው ቀን፣ ጫትም ይሁን አረቄ ወይም ውርርድ፣ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። የሚያቆመው ፍሬን ደግሞ ተጎድቷል።

አንዲት ጎረቤቴን ልጥቀስላችሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። ልጇ 26 ዓመቱ ነው። በሞተር ሳይክል ዕቃ እያደረሰ ራሱን ችሎ ለቤቱም የሚተርፍ ልጅ ነበር። ወደቀ፤ ሄልሜት አላደረገም። ሁለት ቀን ራሱን ስቶ ቆየና ነቃ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ገባ። «ሲቲ ስካኑ ደህና ነው» ተባሉና በግ አረዱ። በአራተኛው ወር ጫት ጀመረ፤ ድሮ ጓደኞቹ ሲቅሙ ተነስቶ የሚሄድ ልጅ። ከጫቱ ጨብሲ መጣ፤ ከጨብሲው የኳስ ውርርድ። የእህቱን ስልክ ሸጠ። አባቱ በቃኝ አሉ፤ «ወር ሳይሞላ ከቤቴ ይውጣልኝ» ብለው በሽማግሌ ፊት ተናገሩ።

እናትየው የመጣችው የማገገሚያ ቤት አውቅ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነበር። ስለ መውደቁ የነገረችኝ በመጨረሻ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ልትነሳ ስትል ነው።

«ቆይ፣ ተቀመጪ እስቲ» አልኳት። «ቡና ሲቆላ ይሸተዋል?»

ግራ ገባት። ትንሽ አሰበችና «ወይ ጉድ! ሲስተር፣ አሁን ስትዪኝ ነው ያስተዋልኩት» አለች። «ባለፈው ወጡ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታጠን እሱ እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ሆን ብሎ ነው ብዬ ረገምኩት።»

ይህን የጠየቅኳት በዘፈቀደ አይደለም። የማሽተት ነርቮች በጣም ቀጫጭን ናቸው፤ ከአፍንጫ ጣሪያ ተነስተው፣ ወንፊት በመሰለ አጥንት አልፈው የሚገቡት ልክ ፍሬን ካልነው ክፍል ሥር ነው። አንጎል ሲላጋ እነሱም ይበጠሳሉ። ማሽተት ያቃተው ሁሉ ጠባዩ ይለወጣል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አካባቢው እንደተነካ ይጠቁማል። ሲቲ ስካን ስብራትንና ደም መፍሰስን በደንብ ያሳያል፤ የተለጠጡትን ጥቃቅን ክሮች ግን አያሳይም። «ስካኑ ደህና ነው» ሲባል ለቀዶ ሕክምና የሚያስቸኩል ነገር አልታየም ማለት ነው እንጂ ልጁ ምንም አልሆነም ማለት አይደለም።

አባቱንም አነጋገርኳቸው። «ሕመም ከሆነ ታዲያ እኔን ሲያይ ለምን ይሸሸጋል? ጥፋት መሆኑን ያውቃል ማለት አይደለም ወይ?» አሉኝ። የብልህ ጥያቄ ነው። ማወቅና ማቆም ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፍሬን የበጠሰ መኪና ሹፌሩ ገደሉን ያየዋል። አባቱ በዘመናቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩና ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ «እሺ፣ ይታይ» አሉ።

ልጁ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀረበ፤ ከዚያም ወደ አእምሮ ሕክምና ተላከ። ዛሬ አረቄውን ትቷል፤ ጫቱን አልፎ አልፎ ይቅማል። ጠዋት ጠዋት በአጎቱ መጋዘን ይሠራል። የእህቱን ስልክ ገና አልተካም፤ እሷም አልረሳችለትም።

ጉዳት ጠባይን እንደሚለውጥ ሕክምናው ካወቀ ቆይቷል። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር፤ 25 ዓመቱ። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1848 ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈነዳበትና ከ1 ሜትር የሚረዝም፣ 6 ኪሎ የሚመዝን ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም። የተከታተለው ሐኪም ጆን ሃርሎው እንደጻፈው ግን ቀድሞ ቁጥብና ታታሪ የነበረው ሰው ቁጡ፣ ተሳዳቢ፣ ያቀደውን የማይፈጽም ሆነ፤ ወዳጆቹ ያ የምናውቀው ሰው አይደለም አሉ። በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ሰካራም ሆኖ ሞተ እያሉ አጋንነውበታል፤ ለዚያ የሚበቃ ማስረጃ የለም። እኔን የሚማርከኝ ሰው ብዙም የማያነሳው የታሪኩ ክፍል ነው። ጌጅ ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኞች ሠረገላ ነድቷል። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መነሳት፣ ፈረስ መጫን፣ ያንኑ መንገድ መሄድ። በውስጡ ያጣውን ሥርዓት ከውጭ ያገኘው ይመስለኛል።

ወላጆች በተለይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው የልጅነት ጉዳት ነው። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1977 የተወለዱ 1,265 ሕፃናትን ከልደታቸው ጀምሮ የተከታተለ ጥናት አለ። 5 ዓመት ሳይሞላቸው ራሳቸውን ተጎድተው ሆስፒታል የተኙት ልጆች ከ14 እስከ 16 ዓመታቸው ድረስ ሲታዩ፣ ጉዳት ካልደረሰባቸው ይልቅ የአልኮልና የዕፅ ችግር በብዛት ታይቶባቸዋል። ይህን ስታነቡ ከአልጋ የወደቀውን የልጅ ልጃችሁን አስባችሁ አትደንግጡ። ልጅ መቼም ይወድቃል፤ ትንሽ ተጋጭቶ ያበጠው ሁሉ ምንም ሳይሆን ያድጋል። የምናገረው ራሱን ስለሳተው፣ ሆስፒታል ስለተኛው ልጅ ነው። የእሱን ታሪክ ሲጎረምስም አትርሱት።

የነገሩ ተቃራኒም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን 69 አጫሾች አጥንቶ ነበር። ከእነሱ 19ኙ ኢንሱላ የምትባለዋ፣ ከጆሮ በላይ በአንጎል እጥፋት ውስጥ የተደበቀችው ክፍል የተጎዳችባቸው ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲጋራን ያለ ትግል ጣል አድርገው ተዉት። አንዱ በቀን ከ40 በላይ ያጨስ ነበር፤ በ28 ዓመቱ ስትሮክ ከመታው በኋላ ሰውነቱ ፍላጎቱን እንደረሳው ተናግሯል። ይህ ማንም የሚመኘው ሕክምና አይደለም። የሚያሳየን ግን እኛ ሐራራ የምንለው ነገር በአንጎል ውስጥ የራሱ ቦታ እንዳለው ነው። ቦታው ሲነካ ሱስ ሊመጣም ሊሄድም ይችላል።

ለአያቶች አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ብዙም አይርቅም። ለፓርኪንሰን ከሚታዘዙ መድኃኒቶች መካከል እንደ ዶፓሚን ሆነው የሚሠሩ፣ ለምሳሌ ፕራሚፔክሶል፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ያልነበረ የቁማር፣ የግዢ ወይም የመብል ፍላጎት ይቀሰቅሳሉ። የተከበሩ ሽማግሌ ድንገት ሎተሪ በሎተሪ ሲሆኑ ቤተሰብ በሐፍረት ይደብቃል። አትደብቁ፤ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጠኑ ሲቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ወደ ተመታው ልጅ ልመለስ። ከአደጋው በኋላ ባሉት መጀመሪያ ወራት ብዙዎች መጠጥ ይቀንሳሉ፤ ቤተሰብም ይዘናጋል። ወደ መጠጥ የሚመለሱት አቅማቸው ሲመለስ፣ ጠያቂ ሲቀንስ፣ ሥራ እንዳጡ ሲገባቸው ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን የምትከፍቱት ጠያቂው ሲያልቅ ነው። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ድሮ የማያሰክረው መጠን ያሰክረዋል፤ ሲሰክር ይወድቃል፤ ሲወድቅ በዚያው ራሱ ላይ ይመታል። አልኮል የሚጥል በሽታም ይቀሰቅሳል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ተደራርበው ትንፋሽ ሊያቋርጡ ይችላሉ። ለራስ ምታቱ ብሎ ትራማዶል የሚለምድም አለ፤ ትራማዶል ራሱ የሚጥል በሽታን የሚያመጣ መድኃኒት ነው። ጸበል የምትወስዱትም ውሰዱት፤ ክኒኑን ግን አብራችሁ ያዙ፤ ድንገት የተቋረጠ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ስንቱን ዳግመኛ እንደጣለው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው፣ ለወራት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረን ሰው ክፍል ዘግታችሁ «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ የለም» አትበሉ። አልኮል በድንገት ሲቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል በሽታ ያመጣል፤ ይገድላልም። የሚቆመው በሐኪም ክትትል ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ፤ ክፍለ ሀገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቁ። «አማኑኤል ገባ ይሉናል» ብሎ የሚፈራ ቤተሰብ ዛሬም አለ። ይበሉ።

ቤት ውስጥ ያለውን በተመለከተ፣ ረጅም ምክር አይጠቅምም። ምክሩን ሰምቶ «እሺ» ይላል፤ በሩን ሲወጣ የለም። አጭር ነገር፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ንገሩት። የወር ደመወዙን በአንድ ጊዜ እጁ ላይ አታኑሩ፤ የዕለት የዕለቱን ስጡት። ውርርዱን ከስልኩ ላይ አጥፉለት። በቀኑ ውስጥ ሰዓቱ የታወቀ ሥራ ይኑረው፤ ውኃ መቅዳትም ቢሆን፣ ሱቅ መክፈትም ቢሆን። በተለይ ጫት የሚቃምበት ሰዓት ባዶ እንዳይሆን። ራሱ መለወጡን ላያውቀው ይችላል፤ «ምን ሆንኩ?» ብሎ ሲከራከራችሁ ውሸት አይምሰላችሁ። በንዴትም በጥፊ አትምቱት፤ የተመታው ራሱ ነው።

ሕመም ነው ማለቴ ሁሉ ይፈቀድለት ማለቴ አይደለም። የሸጠውን ይተካ፤ የሰደበውን ይቅርታ ይጠይቅ። እናቱን የሚመታ ከሆነ እናትየው ወደ ዘመድ ቤት ትሂድ፤ በበሽታ ስም ማንም ዱላ መቀበል የለበትም። እህትና ወንድሞቹም ተቆጥተው ከሆነ ቁጣቸው ልክ ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ነገሩን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ካደከማችሁ በኋላ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያለቀሰች እናት የምትናገረው «ጫት ይቅማል፣ ይሰክራል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ሐኪሙም የሚያክመው የነገራችሁትን ነው። መቼ ወደቀ ወይም ተመታ፣ ምን ያህል ጊዜ ራሱን ሳተ፣ ከዚያ በፊትስ ተመትቶ ያውቃል? ከአደጋው በፊት ይጠጣ ነበር? ይሸተዋል? እንቅልፉ እንዴት ነው? ጥሎት ያውቃል? ምን ምን ክኒን ይወስዳል? የተኛበትን ሆስፒታል ወረቀትና የስካኑን ፊልም ከተቀመጠበት አውጡና ይዛችሁ ሂዱ። የወደቀበትን ቀን ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት።